ጥይት ያልበሳው ኮት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፎኮ ቤረንድስን ስም ያወጣው መልአክ አማርኛ ሳይችል አልቀረም፤ ሰውየው ፉከራን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ነበርና። የሚኖርባት፣ በሰሜን ጀርመን ያለችው ቬስተርፌን ደግሞ ስለ ራሱ ማውራት የሚያፍር ሕዝብ ያለባት መንደር ናት። ሰላምታቸው እንኳ "ሞይን" የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ጧትም እሷ፣ ማታም እሷ። "ሞይን፣ ሞይን" ብሎ የደገማትን ሰው ለፍላፊ ይሉታል። እግዜር ፎኮን እንዲህ ያለ አገር ላይ የጣለው ማንን ለመቅጣት እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር ነው የኖረው። ዛሬም ከመንደሩ ሰው ግማሹ መሪ በጨበጠ ቁጥር "ፍሬን! ፍሬን አልኩህ እኮ!" የሚል ድምፅ በጆሮው ያቃጭልበታል። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ ቴዳ ክፉኛ ሰጋች። ሰው ሲያርም የኖረ ሰው ቤት ሲውል ማንን እንደሚያርም ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። መጀመሪያ የድንች አላላጧን አረመ። ቀጥሎ የሻይ አቀዳዷን። የልብስ አሰጣጧን ሊያርም ወደ ጓሮ ሲወጣ ቴዳ የአሮጌውን በረት ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና፣

"የአያትህ ሳጥን እዚያ አለልህ። ሂድና እሱን አርም" አለችው።

በረቱ ላም ካየ ብዙ ዘመኑ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው የአያቱ የኦልትማን ኮፍያ ነበር፤ በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያደረገው፣ ብል ወንፊት ያስመሰለው የወታደር ኮፍያ። ፎኮ ያንን ኮፍያ ሲያክም ክረምቱ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ለቤቱ አልተመለሰም ማለት ይቻላል። በረቱ የኮት፣ የቀበቶ፣ የቁልፍ፣ የሪባንና የኒሻን ሆስፒታል ሆነ፤ በሩ ላይም "እዚህ ውሸት አይታደስም" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ።

መቼም የሰውን እውነት መደበቅ ነውር ነው፤ ፎኮ ፎካሪ ይሁን እንጂ ባዶ ፎካሪ አልነበረም። ብል የበላውን ኮት ሲይዝ ከራሱ ከኮቱ የውስጥ ስፌት ክር ይመዛል፤ ከዚያ በማጉያ መነጽር እያየ ቀዳዳዋን ክር በክር ይሸምናታል። ሲጨርስ ጣትህ እንጂ ዓይንህ አያገኛትም። ኒሻን ግን አይወለውልም። "ኒሻን የሚወለውል ሰው የአያቱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል" ይል ነበር። አሮጌ የብረት መስቀል ሲመጣለት ጠርዙን በጥፍሩ ይዳስሳል፣ ማግኔት ያስጠጋል፣ አሽትቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ማሽተቱ ለምን እንደሚጠቅም ማንም አያውቅም፤ ቴዳ "ለቲያትሩ ነው" ትላለች። አንድ የጎማ ነጋዴ ከኦልደንቡርግ ድረስ ነድቶ በቀይ ከፋይ የተጠቀለለ መስቀል ሲያመጣለት፣ ማግኔቱ አልስብ አለ።

"ይሄ ኒሻን እውነተኛ ነው" አለው ፎኮ።

ነጋዴው ፊቱ በራ።

"የተሰጠው ግን ባለፈው ዓመት ነው። ለጀግንነት ሳይሆን ለገዢው የዋህነት።"

የኋለኛውን ጦርነት፣ የሂትለርን ዘመን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልለው በጓሮ በር የሚመጡም ነበሩ። እነሱ ሁሉ አንድ ዓይነት አያት ነበራቸው፤ ወጥ ቤት። "አያቴ እኮ ምግብ አብሳይ ነበር፤ ምንም አላየም" ይላሉ። ፎኮ ሰምቶ ሰምቶ፣ "ይኼ ጦር በዚህ ሁሉ ወጥ ቤት ሞስኮ በር ላይ የቀረው በረዶ መትቶት ሳይሆን ቁንጣን ይዞት ነው" ይል ነበር። ዕቃውን እያየ ዓይኑ የሚያበራ ወጣት ከመጣበት ደግሞ በሩን ራሱ ይከፍትለታል፤ የሚከፍተው ግን ለመውጫ ነው።

እንግዲህ በዚህ የእውነት ጠበቃ፣ በዚህ የውሸት ጠላት ላይ፣ አንድ የግንቦት ጧት እትዬ ቶማ በብስክሌት መጡበት።

እትዬ ቶማ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ብስክሌታቸው ከእሳቸው ብዙም አታንስም። ከኋላ መጫኛው ላይ በአንሶላ የታሰረ ጥቅልና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ቶማ የሃሮ ፖፒንጋ ልጅ ናቸው። ሃሮ ፖፒንጋን ደግሞ በቬስተርፌን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የተወለደ ጥጃ ነው። ዋናው መንገድ በስሙ ተጠርቷል። ታሪኩንም ልጅ አዋቂው በቃሉ ይወጣዋል፦ ፈረንሳይ አገር፣ ሶም ወንዝ ዳር፣ ሃሮ ብቻውን ተነሥቶ የጠላትን መትረየስ ማረከ፤ ሲመለስ ጥይት ኮቱን በስቶ ደረቱ ላይ የመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ቀረ፤ እሱ ግን ያንን ሳይቆጥር፣ በጥቃቱ የቆሰለውን የአገሩን ልጅ በጀርባው አዝሎ በእሳት መሐል ወጣ። የታዘለው የፎኮ አያት ኦልትማን ቤረንድስ ነበር። ፎኮ ይህን ታሪክ የሚተርከው መትረየሱንም ጥይቱንም በአፉ እያሰማ ነው። ሃሮ ራሱ እስኪሞት ድረስ ትንፍሽ አላለም፤ መንደሩም ዝምታውን "የጀግና ትሕትና" ብሎ ተረጎመው።

"ሃቦ ነው የላከኝ" አሉ እትዬ ቶማ፣ ጥቅሉን ገበታው ላይ እያሳረፉ። "ለበዓሉ መስታወት ሳጥን ውስጥ ላቆመው ብሎ።"

ሃቦ የቴዳ ወንድም፣ የመንደሩ የተኳሾች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። በሐምሌ የማኅበሩ መቶ ሃምሳኛ ዓመት ይከበራል። ሃቦ ለዚያ ቀን ሰው የሚያክል ሰሌዳ አዝዞ፣ መትረየስ አስሥሎበት፣ ላዩ ላይ "የሶም ጀግና" ብሎ አስጽፏል።

ፎኮ አንሶላውን ፈታ። ግራጫ አረንጓዴው የጦር ሜዳ ኮት፣ ደረቱ ላይ በልብ አቅጣጫ ያቺ የታወቀች ቀዳዳ፣ ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ነጭ መሥመር ባለበት ጥቁር ሪባን የተንጠለጠለ የብረት መስቀል።

"እትዬ ቶማ፣ እጄን ይመኑኝ። እንደ ተወለደበት ቀን ነው የማደርግልዎት።"

"እንደ ተወለደበትስ አታድርገው" አሉ እትዬ ቶማ፣ ብስክሌታቸውን እያዞሩ። "ብሉን ብቻ አስወጣልኝ።"

ፎኮ በሩን ዘግቶ ማጉያውን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋ። መጀመሪያ ማጉያው የቆሸሸ መሰለውና ጠረገው። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። የቀዳዳዋ ጠርዝ አርሮ የደረቀ ክር ነበር፤ እሳት እንጂ እርሳስ የነካው አይደለም። ኮቱን ገለበጠ። ገበሩ ደህና ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። እንግዲህ ጥይቱ ኮቱን በስቶ፣ ገበሩን ይቅርታ ጠይቆ በጎኑ ዞሮ፣ መዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ገባ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ጥይት ደግሞ በጦርነት ታሪክ አልተመዘገበም። አሸተተው። ይኼኛው ማሽተት ለቲያትር አልነበረም። የቆየ የፒፓ ትምባሆ ሽታ፣ ከመቶ ዓመት በኋላም እንዳለ።

"ይሁን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው" አለና ወደ ትከሻው አለፈ። ባያልፍ ይሻለው ነበር። በሁለቱም ትከሻዎች ላይ ጨርቁ ከሌላው ያልደበዘዘበት፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ቦታ አለ። በግማሽ ጨረቃው ዙሪያ የመርፌ ፈለግ ተደርድሯል፤ አንዲት የዛገች መንጠቆም ቀርታለች። እዚያ ቦታ ላይ የሚሰፋው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ፎኮ በእንቅልፉም ያውቃል። ወታደሮቹ "የወፍ ጎጆ" የሚሉት፣ እንደ ክንፍ ያለ ባለ ጥብጣብ ጨርቅ ነው፤ የሚያደርጉትም የሬጅመንቱ ሙዚቀኞች ብቻ ናቸው። ያውም የግራ ትከሻው ከባድ ነገር ዘወትር እንደተሸከመ ሁሉ ተልጦ ያብረቀርቃል።

ሪባኑን ፈታ። ቀለበቱ ሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ የሌላ ሪባን ቁራጭ ተወሽቃ ነበር፤ ነጭ፣ ጠርዟ ጥቁር። ጥቁሩ ሪባን ለተዋጊ ነው የሚሰጠው። ነጩ ላልተዋጋ።

ፎኮ የላሞቹ ግርግም ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሌላ አጣሪ ቢሆን መዝገብ ቤት ሄዶ ያረጋግጥ ነበር፤ የፕሩሺያ ጦር መዝገብ ግን በኋለኛው ጦርነት ፖትስዳም ላይ ነዷል። ኮቱ ብቻ ነው የሚመሰክረው፤ ኮቱም አንዴ አፉን ከፍቶ መስክሯል። የሶም ጀግና ጥሩምባ ነፊ ነው። ጀግናው ከወደቀ ደግሞ አብሮት የሚወድቅ አለ። ጥሩምባ ነፊ መትረየስ ካልማረከ፣ በዚያ ጥቃት ከጎኑ የቆሰለው ኦልትማንስ የት ነበር?

ሻይ ሰዓት ደርሶ ቤት ሲገባ ዝም አለ። ቴዳ ነባት ስኳሩን ስኒው ውስጥ ጣለች፣ ሻዩን ስትቀዳበት ስኳሩ ጠሽ አለ፣ ክሬሙን በጠርዙ አንቆረቆረችበት።

"አመመህ?" አለችው።

"ምን ያመኛል?"

"አቀዳዴን አላረምክማ።"

ነገራት። ቴዳ አዳምጣ ስትጨርስ ስኒዋን አስቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች።

"ገበሩን ሳይነካ! ወይ ጥይት! ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሳደገው?"

"የሚያስቅ ነገር አይደለም፣ ቴዳ።"

"ታዲያ ምን አስጨነቀህ? አንተ አይደለህ እንዴ እውነት እውነት የምትለው? ጻፍና ለጥፍ። በርህ ላይ ሰሌዳ አለህ እኮ።"

"አንቺ አይገባሽም። ለእትዬ ቶማ ስል ነው። በዚህ ዕድሜያቸው አባታቸውን ልግደልባቸው?"

"ለእትዬ ቶማ ስትል! አንተ ለሰው ስትል አንድ ነገር ያደረግከው የዛሬ አርባ ዓመት ነው፤ ለሰርጋችን ጸጉርህን የተቆረጥክ ዕለት። ለአያትህ ስትል በለኝና ልመንህ።"

ፎኮ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ከተተ። በዚያ አገር ማንኪያ ስኒ ውስጥ ከገባ "በቃኝ" ማለት ነው፤ ሻዩም፣ ወሬውም።

በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ብሉን አስወጣ፣ የኮሌታውን ቅድ ሸመነ፣ ቁልፎቹን በሰም አሸ። ከዚያ ወስፌውን አነሣና ቀዳዳዋን እስከ ገበሩ አደረሳት። ጠርዟን በመርፌ አሻክሮ ክሯን ወደ ውስጥ አዞረ፤ ጥይት የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃልና ከጥይቱ አስበልጦ ሠራው። ያልደበዘዘውን ግማሽ ጨረቃ በወፍራም ሻይ እየነከረ ከሌላው ጋር አመሳሰለ። መንጠቆዋን ነቀለ። ነጯን ቁራጭ በጉጠት አወጣት። ሲጨርስ ፎኮ ቤረንድስ በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚልቀውን ሥራ ሠርቶ ነበር፤ ችግሩ ለማንም መፎከር የማይችልበት መሆኑ ብቻ ነው። ይህ ለእሱ ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሃቦ መጥቶ ጣቱን ቀዳዳዋ ውስጥ ከተተና እንባ አቀረረ።

"እዚህ ጋ... እዚህ ጋ እኮ ነው የገባው፣ ፎኮ!"

"እዚያ ጋ ነው" አለ ፎኮ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

የበዓሉ ጧት ዘነበ። በቬስተርፌን ያለ ዝናብ የተከበረ በዓል ሕጋዊነቱ ያጠራጥራል። ከመንደሩ ቦይ ዳር ትልቅ ድንኳን ተተክሏል፤ ዳቦ ውስጥ የገባ ሄሪንግ ዓሣና ቢራ ይሸጣል፤ የማርሽ ባንዱ በአንድ ጥግ መሣሪያውን ይቃኛል። በመሐሉ ኮቱ መስታወት ሳጥን ውስጥ ቆሟል፤ ከጎኑ የሃቦ ሰሌዳ። ሃቦ አረንጓዴ የማኅበር ኮቱን ለብሶ፣ ደረቱን የተኩስ ውድድር ሜዳልያ ሞልቶት፣ ሲራመድ እንደ ግመል ቃጭል ይንሿሿል። ፎኮ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ "ግሩም ሥራ" የሚሉትን ሰዎች እጅ ይጨብጣል። የወትሮው ፎኮ ቢሆን ለእያንዳንዱ ንግግር ያደርግ ነበር፤ ያን ቀን "ሞይን" ብቻ። ሰዉ "አደገ" አለ።

እትዬ ቶማ የጨርቅ ከረጢት በክንዳቸው አንጠልጥለው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። ብዙ ቆዩ።

"ይቺ ቀዳዳ አድጋለች" አሉ።

ፎኮ ጆሮው ጋለ። "ምን... ምን አሉ?"

"አድጋለች አልኩህ። እኔ የማውቃት ትንሽ ነበረች። አባቴ ፒፓውን ጥርሱ ላይ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት ፍሙ የወደቀባት ናት። እናቴ ያን ቀን የተሳደበችውን ስድብ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።" ከረጢቱን ከፈቱ። "ደግሞ እነዚህን ረስቼልህ ነበር። ትናንት ከወጥ ቤት መሳቢያ ነው ያገኘኋቸው። እናቴ የድስት መያዣ አድርጋቸው ኖሯል።"

ሳጥኑ ላይ ያስቀመጧቸው ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚያክሉ፣ ጥብጣባቸው የጠቆረ፣ ጫፋቸው የተለበለበ ክንፎች ነበሩ።

ሃቦ እየተንሿሿ መጣ። "እትዬ ቶማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የአባቴ ክንፎች።"

"የምን ክንፍ? መልአክ ነበሩ እንዴ?"

"ቱባ ነፊ ነበር።"

ቱባ ሲባል የክር ጥቅል የሚመስለው አይጠፋም። ይህኛው ቱባ ነፊው ራሱ የሚለብሰው እስኪመስል ድረስ የገዘፈ፣ እንደ ጎሽ የሚያጉረመርም የነሐስ ቀንድ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ባንዱ ዞረ፤ ቱባውን የያዘው ወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪ አፉን ከመሣሪያው ላይ አነሣ።

"እትዬ ቶማ፣ ቀስ ይበሉ" አለ ሃቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰው ይሰማል። እስከዛሬ ምነው ሳይናገሩ?"

"ማን ጠየቀኝ? እናንተ ትነግሩኛላችሁ እንጂ መቼ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ? ትምህርት ቤት እያለሁ መምህሩ ስለ አባቴ መትረየስ አስተማረኝ። ቤት ገብቼ አባቴን 'እውነት ማርከሃል?' ብለው፣ 'መምህር አይሳሳትም፤ ድንችሽን ብዪ' አለኝ።"

"መቼም ኦልትማንን ማዘላቸው እውነት ነው!" አለ ፎኮ። ድምፁ ልመና ነበር።

እትዬ ቶማ አዩት። "እሱማ እውነት ነው፣ ልጄ። ተኩስ ሲከፈት ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ቁስለኛ ይሸከሙ ነበር። አባቴ በእሳት መሐል እየተመላለሰ ብዙ ሰው አውጥቷል። ያንተንም አያት አውጥቷል። በጀርባው ነው ያዘለው፤ ቃሬዛው ለቁስለኛ ነበራ።"

"አያቴም ቁስለኛ ነበር እኮ!"

"አያትህ ተቅማጥ ነበረው።"

ዳቦ ጋጋሪው ቱባውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

"ክፉ ተቅማጥ" አሉ እትዬ ቶማ፣ ነገሩን ለማለዘብ ያህል። "መቆም አይችልም ነበር። እዚያው ቢተዉት ይሞት ነበር። አባቴ አዘለው፣ ከዚያ ወንዝ ወርዶ ኮቱን አጠበ። ኒሻኑ ለዚያ ለዚያ ሁሉ ነው። ሪባኑን ነጭ አድርገው የሰጡት አንድ የቢሮ ጸሐፊ ቱባ የጦር መሣሪያ አይደለም ብሎ ስለወሰነ ነው አሉ፤ አባቴን ሲነፋ ሰምቶት አያውቅም ማለት ነው። በኋላ እናቴ ነጩ የሾርባ ጠብታ ያሳያል ብላ በጥቁር ቀየረችው።"

"ታዲያ መትረየሱስ? መትረየሱን ማን አመጣው?" ሃቦ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ሊሸፍን እየሞከረ ጠየቀ።

"ኦልትማን ነዋ። መጠጥ ቤት ገብቶ 'ተቅማጥ ይዞኝ ቱባ ነፊ አዘለኝ' ቢል ማን አረቄ ይጋብዘዋል? ተቅማጡን መትረየስ አደረገው።"

መጀመሪያ የሳቀው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ከዚያ ቴዳ፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ስለ ራሱ ማውራት የሚያፍረው ሕዝብ ስለ ሰው ሲሆን እንዴት እንደሚስቅ ያን ቀን ታየ። ሃቦ ብቻ አልሳቀም።

"ስሙኝ!" አለ። "ሰሌዳው ተጽፏል። ኮቱ ቆሟል። ክንፎቹን ወደ ከረጢቱ እንመልስና በዓሉን እናክብር። ማን ያውቅብናል?"

"እኛ" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሰዉ ሁሉ ፎኮን አየው። ፎኮ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆኗል። አያቱ ከነጀግንነቱ በአንድ ጧት ሄዷል፤ ከሁሉ በላይ ያቃጠለው ግን ያቺ ቀዳዳ ናት። እዚያው መስታወት ውስጥ ሆና እያየችው ነው፤ የእጁ ሥራ፣ ሌላ ሰው አምጥቶለት ቢሆን ኖሮ ከበረቱ በሳቅ ያባርረው የነበረ ሥራ።

"ቀዳዳዋን ያሳደግኋት እኔ ነኝ" አለ። "ትከሻውንም በሻይ ነክሬዋለሁ።"

"በእኔ ሻይ" አለች ቴዳ።

ፎኮ ከሃቦ ኪስ የሳጥኑን ቁልፍ ወሰደ። ኮቱን አወጣና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመርፌው ክር አሾለከ። መርፌ ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም። ክንፎቹን በመጀመሪያው የመርፌ ፈለግ ላይ ጠልፎ መስፋት ጀመረ። የተኩስ ውድድሩ ሲጠራ የሄደው ጥቂት ሰው ነው፤ ሌላው ቢራውን ይዞ ሰውየው ሲሰፋ ከበበው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ተመልካች አግኝቶ አያውቅም፤ አንድ ቃል ግን አልወጣውም።

እትዬ ቶማ አጠገቡ ተቀመጡ። ሰዉ ሲበታተን በለሆሳስ፣

"አዘንክ እንዴ?" አሉት።

"እኔ እኮ ያንን ታሪክ መኪና ስነዳ፣ ሰው ሳስተምር፣ ሁልጊዜ..." ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ውሸታም ነበር በቃ።"

"ውሸታም ነበር። ግን በየዓመቱ በገና ዋዜማ አንድ ዝይ ይዞ በራችን ላይ ይቆም ነበር። አባቴ በሩን ይከፍታል፣ ኦልትማን ዝይውን ይሰጣል፣ ሁለቱም ዝም። ከዚያ ኦልትማን ይሄዳል። በረሃቡም ዘመን፣ የራሱ ልጆች ድንች ሲበሉ፣ ዝይዋ አልቀረችም። አባቴ ሲሞት እንኳ ለእናቴ አመጣላት። አረቄ ቤት የሚያወራው ሌላ፣ በራችን ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ነበር።"

ፎኮ ቀና ብሎ አላያቸውም። አዲስ ክር አስገብቶ ሁለተኛውን ክንፍ ያዘ።

ክንፎቹ ገብተው ኮቱ ወደ ሳጥኑ ሲመለስ የማርሽ ባንዱ ማንም ሳያዝዘው ተሰለፈ። ዳቦ ጋጋሪው ጉንጩን ነፍቶ ያ ድንኳን እስኪንቀጠቀጥ ነፋ። ሃቦ በሰሌዳው ላይ ያለውን መትረየስ ነጭ ቀለም አስቀባበት፤ ቀለሙ ስስ ስለነበር ዛሬም ጠጋ ብሎ ላየው መትረየሱ ከበስተኋላ ብቅ ይላል። የመንገዱን ስም የሚቀይረው አልተገኘም፤ በጉዳዩ ላይ በተጠራው ስብሰባ ዳቦ ጋጋሪው "ለመንገድ የሚበቃ ሌላ ማን አለን?" ብሎ ጠየቀ፣ ስብሰባውም ተበተነ።

ፎኮ ያን በጋ ዋጋውን ደህና አድርጎ ከፈለ። ዳቦ ሊገዛ ሲገባ "ዘቢብ የሌለበት ይሻልሃል፤ ሆድህን እንዳይነካህ" ይሉታል። የወንዶቹ መጸዳጃ በር ላይ አንድ ሰው "በመትረየስ የተያዘ" ብሎ ጻፈ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ያበጃትን ቀዳዳ መልሶ ሲሸምን ወር ፈጀበት፤ እትዬ ቶማ እየመጡ ከበላዩ ይቆሙና የፍሟን ቀዳዳ ሳይደፍን እንዲተዋት ይጠብቁ ነበር። "ያቺ የአባቴ ናት። የራስህን ብቻ ድፈን" ይሉታል።

ትሕትናው ግን እስከ መስከረም ነው የቆየው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ በመስከረም ከብሬመን የመጡ ሁለት ሰብሳቢዎች ስለ ኮቱ ሰምተው ጠየቁት። ፎኮ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀጥሎ ደረቱን ነፋ፣ ከዚያ በአፉ ቱባውን እያሰማ መተረክ ጀመረ። በቅርቡ ቴዳ ወጥ ቤት ሆና በመስኮቱ ስትሰማው፣ "በመላው ጀርመን፣ ተቅማጡ በኮት ምስክርነት የተረጋገጠለት ወታደር የእኔ አያት ብቻ ነው!" እያለ ነበር።

በክረምቱ የኮቱን ታሪክ ለሰብሳቢዎች መጽሔት ጽፎ ላከ፤ በቀዳዳዋ እንዴት እንዳታለለም ሳይደብቅ፣ እንዲያውም ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ማታለል እንደማይችል እየገለጸ። በመጋቢት ታተመለት። ቴዳ ፖስታውን ይዛ ወደ በረቱ ሮጣ መጣች፤ እትዬ ቶማም ነበሩ። ፎኮ ገጹን ከፈተ። ፎቶው አምሯል፤ ክንፎቹ፣ ሪባኑ፣ የፍሟ ቀዳዳ ሳይቀሩ ቁልጭ ብለዋል። ከሥሩ በደማቅ ፊደል "የእሳት አደጋ ተከላካይ የክብር ልብስ፣ ደቡብ ጀርመን" የሚል ተጽፏል።

እትዬ ቶማ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ሻይ አለ?" አሉ።

ፎኮ ግን ስልኩን አንሥቶ የመጽሔቱን ቁጥር መምታት ጀምሮ ነበር።